ኮፈን

ነሐሴ ነው፤ ደማም፤ ቀትር ነው ሰዓቱ፤
አገር ቤት ይሄኔ ጉም ለብሷል ወራቱ፤
እዚህ ግን ከባሕሩ የሚነሳው ትነት
ጨው ነው፤ ይበላዋል ያገኘውን ብረት።

የእመቤቴ መኪና መንገድ ዳር ቆሟል፤
ውሃ ጠምቶት እንጂ ሌላስ ምን ያመዋል?
ይኼን እኔ አውቃለሁ፤ ማን ግን ይጠይቃል?
«ኋላ ተቀመጪ፣ ልጁን ያዥ» ተብያለሁ፤
ልጁን ይዣለሁ።

እሷ በስልኳ ላይ ባሏን ትሞግታለች፤
ፀሐይ በመስታወት ግንባሬን ትልሳለች፤
ሹፌሩ ጉል ነዋዝ፣ ላብ ያጠበው ፊቱን፣
ሳበ፣ ደግሞ ሳበ ከመሪ ሥር እጀታውን፤
ወረደ፤ በጥፍሩ ቆነጠጠ ብረቱን፤
ወደ ላይ ታገለው።
ብረቱ ግን ዝም ነው፣ እንደተቀየመ ሰው።

ስፓና ይዞ መጣ፣ ሊፈለቅቀው ቃጣ፤
ቀለሙ ቢላጥ ግን ከደሞዙ ነው የሚወጣ፤
አራት ልጅ አለው ፔሻዋር፤ ፎቷቸውን አይቻለሁ፣
አንዴ በኩሽናው መስኮት አሳይቶኝ፤ ስማቸውን ግን ረስቻለሁ።

አፌ አመለጠኝ፤
«ኮፈን!» አልኩ በመስኮት፣ «ኮፈኑን ተጫነው!»
ስፓናው ወደቀ፤ ጉል ነዋዝን ጭንቅ ያዘው።
እመቤቴም ስልኳን ከጆሮዋ አነሳችው፦
«አዑዙ ቢላህ! ምን አልሽ? ማነው የሞተው?»

እነሱ ዘንድ ከፈን፣ ያው እኛም ዘንድ ከፈን፣
ኪስ የሌለው ልብስ ነው፣ ገላን የሚሸፍን።
ኮፈን ግን ሌላ ነው፤ የጋራዥ ሰው ቃል ነው፤
ጣልያን ጥሎት ሄደ፣ እኛ በግራሶ አሽተን የኛ አደረግነው፤
አባቴ ይመር፣ ኮምቦልቻ መውጫ ላይ፣
ከኢሱዙ ሥር ተኝቶ፣ እግሩ ብቻ ሲታይ፣
«ትርንጎ፣ ካቻቪቴ! ትርንጎ፣ ፒንሳ!» እያለ
ምላሴ ላይ የተከለው ነው፤ እስካሁን አልተነቀለ።

ይል ነበር፦ «እንቢ ያለን ኮፈን ወደ ላይ አትጎትቺው፤
ምላሱን ነክሶ ይይዛል፤ ይልቅ ወደ ታች ተጫኚው።
አንዱ ከውስጥ ገመዱን ይሳብ፣ አንዱ ከውጭ ይጫን፤
ብቻውን የሚከፍት ሰው አላየሁም እስካሁን።»
ውሸቱን ነው። ብቻውን ሲከፍት ስንቴ አይቻለሁ፤
ለምን እንደዋሸኝ ግን አሁን አሁን እረዳለሁ።

ልጁን ለእናቱ ሰጠሁ፤ ሳታስበው ተቀበለችኝ፤
ወረድኩ፤ ፀሐይም በጥፊ ተቀበለችኝ።
የአባያዬን ጫፍ በሁለት እጄ ጠቅልዬ
የጋለው ብረት ላይ ተኛሁ፣ ቢስሚላ ብዬ፤
ለጉል ነዋዝ በአገጬ ወደ ውስጥ ጠቆምኩት፤
ሮጦ ገባ። ሳበ። ተጫንኩት። ሳበ። ተጫንኩት።
ቋ!
አንድ ጣት ያህል ከፍ አለ፤
ታፍኖ የቆየው እንፋሎት ጉንጬ ላይ «እፎይ» አለ።

«የራዲያተሩን ክዳን ተው!» ብዬ እጁን መታሁት፤
በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አላውቅም ያልኩት፤
ብቻ እጁን ሰበሰበ።

ልጁ ሳቀ። እመቤቴ እኔን አየች፣ ሞተሩን አየች፤
«ማን አስተማረሽ?» ልትል መሰለኝ፤ አፏን ከፈተች፤
ስልኳ ጠራ።
«ልጁን ያዥ።»
ልጁን ያዝኩ።

ማታ ሳህን ሳጥብ፣ መዳፌ መቃጠሉን
ሳሙናው ነገረኝ።
ጧት ኩሽናው ደፍ ላይ አንድ ቱቦ ቅባት አገኘሁ፤
ጽሑፉን ማንበብ አልችልም፤ ያመጣውን ግን አውቃለሁ።

ጉል ነዋዝ ስሜን ለመጥራት ሁለት ዓመት ታግሎ
ትቶት ነበር፤ «ቱሩንጅ»፣ «ትሪና»፣ አንዴም «ትራንስ» ብሎ።
አሁን ጧት ጧት ውሃ ሊያይ ሲል ከግቢ ይጣራል፦
«ከፈን! ከፈን!» ጎረቤት ምን ይላል?
እጄን በሽርጤ አብሼ እወጣለሁ፤
እሱ ይስባል፣ እኔ እጫናለሁ።
አዲስ ገመድ ይገዛል ተብሎ ነበር፤ ወር አለፈው።
እነሱ ረስተውት ይሆናል፤ እኛም አላስታወስናቸው።